የሚራመድ እግር፦ ለቆዳ የሚሆን የስፌት መኪና ስመርጥና ስገራ

ደብረ ማርቆስ ላይ የቆዳ ቦርሳና ቀበቶ መስፋት ከጀመርሁ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። የመጀመሪያዎቹን አምስት ወራት የበላብኝ አንድ የተሳሳተ እምነት ነው፤ ለቆዳ የሚያስፈልገው ጉልበተኛ መኪና ነው ብዬ አምን ነበር። ልብስ ሰፊ ዘመዴ የተወልኝ ባለ ቀጥታ ስፌት የኢንዱስትሪ መኪና ነበረኝ። ጂንስ አራት ድርብ አድርጎ ይሰፋል፤ ታዲያ ቆዳ ምን ይሳነዋል?

መብሳቱንስ በሳ። ያቃተው ማስኬዱ ነው። እኩል የተቆረጡ ሁለት ማንገቻዎች ደርቤ ስሰፋ፣ ጫፍ ስደርስ የላይኛው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ተርፎ ይገኛል። በዚያ መኪና ሥራውን የሚስበው ከታች ያለው ጥርስ ብቻ ነው፤ ከላይ ያለው እግር ቆሞ ይጫናል እንጂ አይራመድም። ጨርቅ በእግሩ ሥር ይንሸራተታል፣ ቆዳ ግን ይይዛል። የታችኛው ድርብ ሲሄድ የላይኛው ወደ ኋላ ይቀራል። የእግሩን ጫና ባጠብቀው ጥርሱ በቆዳው ጀርባ ላይ የማይጠፋ ምልክት ተወ። በእጄ ላግዘው ብዬ ስስብ ደግሞ መርፌው ጎበጠ፣ ብረቱን መታና ተሰበረ።

መኪና የሚመረጠው በሚበሳበት ኃይል ሳይሆን ቆዳውን በሚያስኬድበት መንገድ መሆኑን የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው። ዋና ዋናዎቹ አካሄዶች ሦስት ናቸው። አንዱ ያልሁት ነው፤ ጥርስ ብቻ። በሁለተኛው መርፌውም ቆዳውን እንደ ወጋ ከጥርሱ ጋር ይጓዛል። በሦስተኛው ጥርሱም፣ መርፌውም፣ እግሩም አብረው ይሄዳሉ። የዚህ መኪና እግር ሁለት ነው። መርፌው ቆዳው ውስጥ ሳለ የውስጠኛው እግር ረግጦ አብሮት ይጓዛል፤ መርፌው ሲወጣ የውጭኛው ወርዶ ቆዳውን ይይዛል፣ የውስጠኛው ተነሥቶ ወደ ፊት ይራመዳል። ድርቦቹ በመርፌው ተቸንክረው ስለሚሄዱ አንዱ ከሌላው አይቀርም። ጁኪ ኤልዩ 1508 እና ኮንሲው 206 አርቢ ከዚህ ወገን ናቸው። የሶፋና የመኪና ወንበር ሰፊዎችም የሚጠቀሙበት ይህንኑ ዓይነት ነው።

በጥር ዓባይን ተሻግሬ አዲስ አበባ ሄድሁና ያገለገለ አንድ አገኘሁ። ሻጩ በፍጥነት እየነዳ ጨርቅ ሰፍቶ ሊያሳየኝ ፈለገ። እኔ የያዝሁትን ቁራጭ ቆዳ አወጣሁና ሞተሩ ጠፍቶ፣ መዘውሩን በእጄ እያዞርሁ እንድሰፋ ለመንሁት። ይህን ለማንም እመክራለሁ። በእጅ ሲዞር የላላ ነገር ሁሉ በጣት ይሰማል፤ ሁለቱ እግሮች እኩል መነሣታቸውም ይታያል። መርፌ የሚገባበትን ቀዳዳ ጠርዝና ከታች ሆኖ የመርፌውን ክር የሚይዘውን የመንጠቆ ጫፍ በስልክ መብራት መርምሩ። እዚያ ላይ ያለች ትንሽ ጭረት ክር ትበጥሳለች።

አንድ ግዙፍ የኮርቻና የልጓም መስፊያ መኪናም እዚያው ቆሞ አይቼ ልቤ ተማርኮ ነበር። አለመግዛቴ ደግ ሆነ። የደጋችን በግ ቆዳ ለእጅ ጓንት የሚፈለገው ስስና ጠንካራ በመሆኑ ነው፤ እኔም የኪስ ቦርሳ የምሠራው በእሱ ነው። ያ መኪና በወፍራም መርፌውና በሻካራ ጥርሱ እንዲህ ያለውን ቆዳ ያበላሸዋል። ከበግ ቆዳ እስከ ድርብ የላም ቆዳ ለሚሰፋ ሰው መካከለኛው ይበቃል።

ሞተሩን ግን ቀየርሁ። አብሮት የመጣው ክላች ሞተር ነበር፤ ማብሪያው ከተነካ ጀምሮ ያለማቋረጥ ይሽከረከራል፣ ፔዳሉን በትንሹ ስነካው መኪናው ይፈተለካል። ለጀማሪ እግር አስቸጋሪ ነው። ሰርቮ ሞተር የሚዞረው ሲረገጥ ብቻ ሲሆን ከፍተኛው ፍጥነትም ይወሰንለታል። ከሞተሩ በኩል ያለውን፣ ቺንጋው የሚዞርበትን ፑሊ በትንሽ ስተካውና ቺንጋውን ሳሳጥር ደግሞ ጉልበቱ ጨመረ፣ ማዕዘን ላይ አንድ አንድ ስፌት እየቆጠርሁ መሄድ ቻልሁ።

ከዚህ በኋላ ያስለቀሰኝ ስፌት መዝለል ነው። ወፍራም የላም ቆዳ ላይ በየአራት አምስቱ አንድ ስፌት ይዘላል። መንጠቆው ጊዜውን ስቷል ብዬ ካቻቢቴና ብሩገላ ይዤ ሁለት ቀን ስፈታና ስገጥም ከረምሁ። ሥራው እንዲህ ነው፤ መርፌው መጨረሻ ታች ደርሶ ከ2 እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል ሲነሣ ክሩ ከመርፌው ጀርባ ትንሽ ቀለበት ይሠራል። የመንጠቆው ጫፍ በዚያች ቅጽበት፣ ከመርፌው ዓይን ጥቂት ከፍ ብሎ ማለፍ አለበት፤ በመንጠቆውና በመርፌው መካከል ያለው ክፍተትም ከአንድ ወረቀት ውፍረት ባይበልጥ ነው። ይህን ሁሉ አስተካከልሁ። መዝለሉ አልቀረም።

ከሱቄ ሁለት በር አልፎ ኮርቻ የሚሰፉ አባት አሉ። መኪና ነክተው አያውቁም። ቆመው አዩና "ልጄ፣ ቆዳው እኮ ከመርፌው ጋር አብሮ እየተነሣ ነው" አሉኝ። እሳቸው ወስፌ ሲነቅሉ በግራ አውራ ጣታቸው ቆዳውን አጥብቀው ይጫናሉ፤ አለዚያ ቆዳው ወስፌውን ተከትሎ ይመጣል። ነገሩ ይህ ነበር። ቆዳው ከመርፌው ጋር ከተነሣ ክሩም አብሮ ስለሚነሣ ቀለበቱ አይሠራም፣ መንጠቆውም የሚይዘው ያጣል። የእግሩን ጫና ሁለት ዙር አጠበቅሁ፤ መዝለሉ ቆመ። ሁለት ቀን የፈለግሁት መልስ በአንድ ሽማግሌ አውራ ጣት ላይ ነበር። በአገራችን እንዲህ ያለውን ሰው "ፋቂ" እያሉ ማሳነስ እስከ ዛሬ አልጠፋም። ዳግማዊ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ቃሉ ግን አሁንም በገበያ ይሰማል፣ በሰማሁት ቁጥርም ያመኛል።

ከዚያ ወዲህ ስፌት ሲበላሽ የምጀምረው ቀላሉን በማየት ነው። መጀመሪያ መርፌ እቀይራለሁ፤ ቀጥሎ ክሩን ከሥር አውጥቼ እንደ ገና እሰካለሁ፤ ከዚያ የእግሩን ጫና አያለሁ። መንጠቆውን የምነካው ሌላው ሁሉ ከተሞከረ በኋላ ነው። በአንድ ጊዜም አንድ ነገር ብቻ እቀይራለሁ፤ ሁለት ከቀየርሁ የትኛው እንዳዳነኝ አላውቅም።

ሌላው የኮርቻ ሰፊው ትምህርት ስለ ስፌት ርዝመት ነው። የመጀመሪያው ማንገቻዬ በ2 ሚሊ ሜትር ስፌት ተሰፍቶ ያምር ነበር፤ ደንበኛዬ በሦስተኛው ሳምንት ይዛው መጣች፣ እንደ ቴምብር በቀዳዳው መስመር ተቀዷል። "ቆዳ እንደ ሸማ አይደለም፤ አንዴ የተበሳ ተበሳ" አሉኝ። ጨርቅ ላይ መርፌው በክሮች መካከል ያልፋል፤ የቆዳ መርፌ ግን ጫፉ ስለት ስለሆነ ቆርጦ ነው የሚገባው። አሁን ለማንገቻ 4 ሚሊ ሜትር፣ ለኪስ ቦርሳ 3 ሚሊ ሜትር እሰፋለሁ።

ለበግ ቆዳ ቴክስ 70 የሆነ ናይለን ክር (ቴክስ የክር ውፍረት መለኪያ ነው) በ110 ቁጥር መርፌ፣ ለላም ቆዳ ቴክስ 135 በ140 ቁጥር መርፌ እጠቀማለሁ። ወፍራም ክር በቀጭን መርፌ ካስገባችሁ ክሩ ይላጋል፣ ይበጠሳል። ገበሩ ጨርቅ ብቻ በሆነበት ቦታ ወደ ክብ ጫፍ መርፌ እመለሳለሁ። የክር ውጥረት ስፈትሽ ከላይ ነጭ፣ ከታች ጥቁር ክር አደርጋለሁ። ጥቁሩ ከላይ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ከታየ የላይኛው ጠብቋል፤ ነጩ ከታች ከተንጠለጠለ የላይኛው ላልቷል። የታችኛው ክር የሚጠመጠምበትን የቦቢኑን ቪቴ የምነካው ከስንት አንዴ ነው፤ ያውም ሩብ ዙር።

አሁን በእጄ ያለው አንድ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ያዘዙኝ የዳዊት ማኅደር ነው። ክዳኑንና ማንገቻውን በመኪናው ጨርሻለሁ። አራቱ ማዕዘኖች ግን ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ባለው መኪና አይገቡም፤ ማኅደሩ የሚጠለቅበት ክንድ ያለው መኪና ይፈልጋሉ። እስኪገኝ ድረስ ከኮርቻ ሰፊው አጠገብ ቁጭ ብዬ በወስፌና በጠፈር እሰፋቸዋለሁ። ትናንት አንዱን ጨረስሁ፤ ሦስት ይቀራሉ።