ፊደል ሳይሆን ቀለም መቁጠር፦ የግጥሜን ምት የማስተካክልበት መንገድ

ግጥም ሲሰናከልብኝ አስቀድሜ የምፈትሸው ምጣኔውን፣ ማለትም የስንኙን ርዝመት፣ ነው። የሚቆጠረው ደግሞ የተጻፈው ፊደል ሳይሆን ከአፍ የሚወጣው ቀለም፣ ማለትም በአንድ ምት የሚነገረው የድምፅ ክፍል፣ ነው። ለማሳያ በወል ቤት፣ ስንኙ 6 በ6 ቀለም በሆነው የግጥም ዓይነት፣ የጻፍኳቸውን ሁለት ስንኞች እንይ፦

ተራራው ላይ ወጥቶ፥ ወንዙን አይቶ መጣ፤
እግሩ ደክሞ ሳለ፥ ወሬ ግን አላጣ።

በፊደል ቢቆጠሩ በ«፥» የተከፈሉት አራቱ ሐረጎች (የስንኝ እኩሌታዎች) 9፣ 9፣ 8 እና 7 ይሆናሉ። ጆሮ ግን እኩል ይሰማቸዋል፤ እያንዳንዱ 6 ቀለም ነውና፦ ተ-ራ-ራው-ላይ-ወጥ-ቶ። ጣጣው ያለው ሳድሱ፣ እንደ «ጥ» እና «ክ» ያለው ስድስተኛው ፊደል፣ ላይ ነው። «ወጥቶ» ውስጥ «ጥ» ከ«ወ» ጋር ይለጠፋል፤ «ተመልክቶ» ውስጥ ግን «ክ» ራሱን ችሎ ይነበባል፦ ተ-መል-ክ-ቶ። ስለዚህ «አይቶ»ን አውጥተን «ተመልክቶ»ን ብናስገባ ሐረጉ 8 ይሆንና ስንኙ ያነክሳል። ስቆጥር ድምፄን አውጥቼ፣ በየቀለሙ ጠረጴዛውን በጣቴ መታ እያደረግሁ ነው፤ በዓይን መቁጠር ያሳስታል።

ድምሩ ልክ መሆኑ ብቻውን አይበቃም። ይህን እንይ፦

ወንዙን ከተራራው ላይ አየና መጣ።

12 ቀለም ሞልቷል፤ ሲነበብ ግን ይደናቀፋል። ከ6ኛው ቀለም በኋላ የሚመጣው ዕረፍት «ከተራራው»ን ከ«ላይ» ይነጥላል። ዕረፍቱ ላይ ሐሳብም አብሮ ማረፍ አለበት። በሰንጎ መገን፣ 5 በ5 በሆነው ሌላ የግጥም ዓይነት፣ ይህ ስሕተት ይበልጥ ያፈጣል፤ ሐረጉ አጭር ስለሆነ መሸሸጊያ የለውም።

የፊደል መጥበቅና መላላት (ጠብቆ ወይም ላልቶ መነበቡ) በጽሑፍ አይታይም። ስንኝ በ«አለ» ከጀመረ አንባቢው «ተናገረ» ይበል «ይገኛል» ሳያውቅ ይገባበታል፤ ቀለሙ ያው 2 ቢሆንም የድምፁ ክብደት ይለያያል። እንዲህ ያለውን ቃል ፍቺውን የሚያስይዝ ሌላ ቃል ካስቀደምኩ በኋላ አመጣዋለሁ።

ቤት መምቻው (ስንኞች በድምፅ የሚገጥሙበት መጨረሻ) ላይ የሚፈትነው የቋንቋው ጠባይ ነው። ዓረፍተ ነገሩ በግሥ ስለሚያልቅ ስንኙ ሁሉ «መጣች»፣ «ሄደች»፣ «በላች» እያለ መደርደር ይቀናዋል። ቤቱ ተመታ ይባል ይሆናል፤ የመታው ግን ሰዋስው እንጂ ገጣሚው አይደለም። መድኃኒቱ ግሡን ወደ መሀል አስገብቶ በስም መጨረስ፣ ወይም «መጣ»ን ከ«አላጣ» እንዳጋጠምኩት በቅጥያ ሳይሆን በራሳቸው ድምፅ የሚገጥሙ ግሦችን መፈለግ ነው።

ለንግግር በሚጻፍ ጽሑፍ ቀለም አልቆጥርም፤ ትንፋሽ እቆጥራለሁ። «የ...» እና «ስለ...» ተደራርበው ግሡ መጨረሻ ላይ ብቻ ሲመጣ ሰሚው ማን ምን እንዳደረገ ሳያውቅ ይደክማል። በአንድ ትንፋሽ ካልተነበበ ግሡን ቀድሜ አስገብቼ ዓረፍተ ነገሩን እዘጋና የቀረውን በ«ይህም» ወይም በ«ታዲያ» እጀምራለሁ።