ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ያነበበችው ኮሮላ

ባለፈው ክረምት አንድ ማለዳ ጎረቤታችን የሆኑ አዛውንት የሞተር መብራቷ የበራ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የተሠራች ኮሮላቸውን ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ሁለት ጊዜ ሴንሰር ተቀየረላት፤ መብራቱ ግን እምቢ አለ» አሉኝ። የመኪናዋን ኮምፒውተር የሚያነብ ስካነር ስሰካ ፒ0113 የሚል የብልሽት ኮድ ወጣ፤ የቀጥታ ንባቡም ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ እንደሆነ ያሳይ ነበር። አዲስ አበባ እንዲህ አትቀዘቅዝምና ቁጥሩ የተቋረጠ መስመር እንዳለ ይጠቁም ነበር።

በዚህች መኪና የአየር ሙቀት ሴንሰሩ ለብቻው የቆመ ዕቃ ሳይሆን ከአየር ፊልትሮው ቀጥሎ ባለው የአየር መጠን ሴንሰር ውስጥ አብሮ የተሠራ ነው። ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ኤሌክትሪክን የሚቋቋምበት መጠን፣ ሲቀዘቅዝ ይጨምራል፣ ሲሞቅ ይቀንሳል፤ በ20 ዲግሪ ከ2.21 እስከ 2.69፣ በ60 ዲግሪ ደግሞ ከ0.49 እስከ 0.67 ኪሎ ኦም መለካት አለበት። የሞተሩ ኮምፒውተር 5 ቮልት ይልክና በመስመሩ ላይ የሚያገኘውን ቮልቴጅ አይቶ ሙቀቱን ያሰላል። መስመሩ ሲበጠስ ቮልቴጁ ከፍ ብሎ ስለሚቀር ብርቱ ብርድ ይመስለዋል፤ ሁለቱ ሽቦዎች ሲነካኩ ደግሞ 140 ዲግሪ ያነብባል፣ ኮዱም ፒ0112 ይሆናል። ሁለቱም ኮዶች ቮልቴጁ ከልክ መውጣቱን እንጂ ሴንሰሩ መበላሸቱን አይናገሩም። ኮዱን አይቶ በቀጥታ ወደ መለዋወጫ ሱቅ መሮጥ የሰውን ገንዘብ ማባከን ነው ብዬ አምናለሁ።

ሶኬቱን ነቅዬ ከአምስቱ ሽቦዎች የሙቀቱ የሆኑትን ሁለቱን በቀጭን ሽቦ አገናኘሁ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ከአምስቱ አንዱ የባትሪ 12 ቮልት ስለሚይዝ ፒኖቹን ሳይለዩ ማገናኘት አደገኛ ነው። መስመሩ ደህና ቢሆን ኖሮ ንባቡ ወዲያው ወደ 140 ይዘል ነበር፤ ያኔ ጥፋተኛው ሴንሰሩ ይሆናል። ንባቡ ግን ከዜሮ በታች 40 ላይ እንደቆመ አልተነቃነቀም። ቁልፉን ከፍቼ ኮምፒውተሩ 5 ቮልቱን የሚልክበትን የምልክቱን ሽቦ ከቦዲው ጋር ስለካ 5 ቮልት አገኘሁ፤ ስለዚህ የተበጠሰው ሌላኛው፣ የመመለሻው ሽቦ ነበር። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውኃ ሙቀት በትክክል ይነበብ ስለነበር ደግሞ ሴንሰሮቹ የሚጋሩት ዋናው መመለሻ ደህና እንደሆነ፣ ብልሽቱም ወደ ሶኬቱ ቅርብ እንደሆነ ገመትኩ። ሽቦውን በጣቴ ሳጥፈው ከሶኬቱ ሁለት ጣት ያህል ርቆ ላስቲኩ ሳይቀደድ ውስጡ እንደ ክር ለሰለሰ። አቧራችን ፊልትሮውን ቶሎ ቶሎ ስለሚያስፈታን ሶኬቱ በየጊዜው በሽቦው ተይዞ ይጎተታል፤ መያዣውን ተጭኖ መንቀል ግን የሁለት ሰከንድ ሥራ ነው።

መኪናዋ ይህን ሁሉ ጊዜ ደህና የሄደችው ኮምፒውተሩ ኮዱን ሲመዘግብ ሙቀቱን 20 ዲግሪ ነው ብሎ ስለሚሠራ ነው። የበለጠ የሚያሳስበኝ ኮድ ሳያወጣ ቀስ በቀስ የሚዋሸው ሴንሰር ነው፤ በተለይ የአየሩን መጠን ከግፊትና ከሙቀት በሚያሰሉ መኪኖች ላይ የሐሰት ብርድ ቤንዚን ያስጨምራል። ይህን ለመያዝ ሌሊቱን ያደረች መኪና ከመነሣቷ በፊት የአየሩንና የውኃውን ሙቀት ማነጻጸር ነው፤ ልዩነታቸው ከጥቂት ዲግሪ ማለፍ የለበትም።

የተበጠሰውን ቆርጬ በአዲስ ሽቦ ቀጠልኩት፣ በየድኩት፣ ሸፈንኩት። በማግስቱ ማለዳ አዛውንቱ አጠገቤ ቆመው ስካነሩን ሲያዩ አየሩ 12፣ ውኃው 13 ዲግሪ ይል ነበር።