ጨረቃ ስትሞላ ዓሣ የለም

ኡጋንዳ ውስጥ ከኢንቴቤ አጠገብ ባለችው የናኪዎጎ ወደብ መርከቡ መቼ እንደሚነሳ ስጠይቅ ትኬት ቆራጩ በሉጋንዳ «ሳዋ ሙናና» አለኝ። ስምንት ሰዓት ማለት ነው፤ የእኛው የከሰዓቱ ስምንት። እነሱም እንደ እኛ ከንጋት ጀምረው እንደሚቆጥሩ ሳውቅ ዘመድ ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ በፈጀ ጉዞ ቪክቶሪያ ሐይቅን አቋርጠን ቡጋላ ደሴት ስንደርስ ደስታዬ አለቀ፤ አንድ የሞተር ሳይክል ነጂ አሥር ደቂቃ ለማይሞላ መንገድ 15,000 ሺሊንግ ተቀበለኝ። በማግስቱ ያንኑ መንገድ በ3,000 ሄድኩ።

ስለ ሌሊቱ ዝም ብል ይሻል ነበር፤ ሳላማርር ማለፍ ግን አልቻልኩም። አጎበሩ ቡጢ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ነበረው። ከመስኮቴ ሥር ያለው መጠጥ ቤት ደግሞ እስከ ሌሊቱ አሥር ሰዓት አልተዘጋም። ደሴት ሲባል እኔ የማውቀው ጣናን ነው፤ ገዳም፣ የደወል ድምፅ፣ ከዚያ ጸጥታ። በትራሴ ጆሮዬን ሸፍኜ ወገኖቼን መነኮሳት ናፈቅኩ።

ወደ ደሴቷ የጋበዘችኝ ነርስ ጠዋት ዓይኔን አይታ ሳቀች። ሁለታችንም ለሥልጠና ኢንቴቤ ተገናኝተን ነበር፤ እኔ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። «ጨረቃዋ ሙሉ ናት እኮ» አለችኝ። ሙኬኔ የሚሏትን ትንሽ ዓሣ የሚያጠምዷት በጨለማ ሌሊት፣ በፋኖስ ብርሃን ስበው ነው። ጨረቃ ስትደምቅ ዓሣዋ ወደ ፋኖሱ አትመጣም፤ ወንዶቹም ገንዘባቸውን ይዘው የብስ ላይ ይቀራሉ። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ሌሊት ለእሷ ዋናው የሥራ ሌሊት ነው። የኤችአይቪና የሄፓታይተስ ቢ (የጉበት በሽታ) ምርመራ ጠረጴዛዋን ይዛ ወደ ጀልባ ማረፊያው የምትወርደው ያኔ ነው።

ከቤቴ ስነሳ ውኃ አጥር ነው ብዬ አስብ ነበር፤ በሽታን ያግዳል ብዬ። ቡጋላ የምትገኝባቸው የሴሴ 84 ደሴቶች ታሪክ ግን ሌላ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጼጼ ዝንብ የሚተላለፈው የእንቅልፍ በሽታ ሲገባ ቅኝ ገዢው መንግሥት ነዋሪዎቹን በግድ አስወጥቷቸው ነበር። ዛሬ ማረፊያዎቹን የሚሞላው በአብዛኛው ከሌላ ቦታ የመጣ፣ ዓሣውን ተከትሎ ነገ የሚሄድ ሰው ነው። በኡጋንዳ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁትም በ1982 እ.ኤ.አ. እዚሁ ሐይቅ ዳር፣ ካሴንሴሮ በምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። በዚያ በራካይ አካባቢ የተደረገ ጥናት በገበሬ መንደሮች 14 በመቶ፣ በዓሣ አጥማጆቹ ዘንድ ደግሞ 40 በመቶ ገደማ ኤችአይቪ በደሙ ያለ አዋቂ አግኝቷል። አገሬ ላይ 1 በመቶ አካባቢ የምናወራ ሰዎች ነንና ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አስደገምኳት።

በሞተር ጀልባ ወደ አንዲት ትንሽ ደሴት አብሬያት ሄድኩ። ሙኬኔ አሸዋ ላይ የምታሰጣ ሴት ሳልጠይቃት በርጩማዋን ሰጠችኝ፤ የቀኑን ግማሽ እዚያ ላይ ተቀመጥኩ። ነርሷ የአንዱን ወጣት ጣት ስትወጋ ደም አልወጣም። የመረብ ገመድ ጣቱን እንደ ተረከዝ አጠንክሮታል። በሁለተኛው ሙከራ አንዲት ጠብታ መጣች። የውጤቱን 15 ደቂቃ ወጣቱ ጀርባውን ለጠረጴዛው ሰጥቶ ሐይቁን ሲያይ አሳለፈ።

ከእሱ ቀጥሎ የመጣው ሰው የኤችአይቪ መድኃኒቱን የሚወስድበት ጤና ጣቢያ ሌላ ደሴት ላይ ነበር። ዓሣው ወደዚህ ሲሸሽ ተከተለው፤ መድኃኒቱ ካለቀ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። አልተቆጣችውም። ከቦርሳዋ የአንድ ወር አውጥታ ሰጠችው። እኔ ብሆን ቢያንስ አንድ ሁለት ቃል እናገረው ነበር።

ጀርባውን የሰጠን ወጣት ከሁለቱም፣ ከኤችአይቪም ከሄፓታይተስ ቢም፣ ነፃ ሆነ። የሄፓታይተሱን ክትባት ልትጀምርለት ስትል ሦስት ጊዜ መወጋት እንዳለበት፣ ሁለተኛው በወሩ፣ የመጨረሻው በስድስተኛው ወር እንደሆነ ነገረችው። «በስድስተኛው ወር የት ትሆናለህ?» ብላ ጠየቀችው። ወጣቱ በእጁ ሐይቁን ከዳር እስከ ዳር አሳያት። ከዚያ ስልክ ቁጥሩን ነገራት፤ ካርዱ ላይ ሦስተኛ ቁጥር ሆኖ ተጻፈ፤ የቀደሙት ሁለቱ ተሰርዘዋል።