ለ23 ልጅ ቫላንታይን

ቫላንታይን ሲባል እኔ ትዝ የሚለኝ ቦሌ ነው። ቀይ ሹራብ ለብሶ አንድ ፍሬ ጽጌረዳ እንዳትጨማደድበት ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ይዞ ታክሲ የሚጋፋ ጎረምሳ፣ በቃ የፍቅረኞች ቀን ነው አለቀ። እና በ2025 ፌብሩዋሪ ሲገባ ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ «አባ የቫላንታይን ካርድ ግዛልኝ» ስትለኝ ቡናው ትን አለኝ፣ ስድስት አመቷ ነው'ኮ፣ የፊት ጥርሷ እንኳን ገና አልበቀለም። «ለማን?» አልኳት ረጋ ያልኩ ለመምሰል እየሞከርኩ። «ለሁሉም» አለችኝ።

ለካ እዚህ እንደዛ ነው። እኛ ያለነው ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ አሜሪካ ኤለመንተሪ ውስጥ ፌብሩዋሪ 14 የፍቅረኛ ሳይሆን የክላስ በአል ነው። አስተማሪዋ ኢሜል ላከች፣ የልጆቹ ስም ዝርዝር ተያይዟል፣ ከልጄ ሌላ 23 ናቸው። መስጠት ግዴታ አይደለም፣ ከሰጣችሁ ግን ለሁሉም ስጡ ይላል፣ የማንም ልጅ ሳጥን ባዶ እንዳይቀር። ለውዝ የማይስማማው ልጅ ስላለ ከረሜላና ቸኮሌት ክልክል ነው፣ እርሳስ ስቲከር ላጲስ ምናምን ይቻላል። ሚስቴ ይሄን ስታነብ ደስ አላት ምክንያቱም ቀኑ አርብ ነበር የዋለው፣ ልጅቷን ጾም ቀስ በቀስ እያለማመድናት ስለሆነ ከካፕኬክ ጭቅጭቅ ተገላገልን ማለት ነው።

ሱቅ ገባሁ፣ መደርደሪያው ከዳር እስከዳር ቀይና ሮዝ ነው። በኋላ ሳነብ ኤስተር ሃውላንድ የምትባል የማሳቹሴትስ ሴት በ1840ዎቹ መጨረሻ ዳንቴል የመሰለ ወረቀት እየለጠፈች የቫላንታይን ካርድ መሸጥ ጀምራ ትልቅ ንግድ አድርጋዋለች፣ የዛሬው ጣጣችን መነሻ እሷ ናት ብል ብዙም አልተሳሳትኩም። ፊንላንድ የሚኖር ጓደኛዬ ደሞ እዛ ስሙ ራሱ የጓደኛ ቀን ነው አለኝ፣ እንደዛ ቢባል ኖሮ እኔም ቡናዬን በሰላም እጠጣ ነበር። ብቻ 32 ካርድ ያለው አንድ ፓኬት ገዛሁ፣ አራት አይነት ስእል አለው፣ ዩኒኮርን፣ ቡችላ፣ ሮኬትና ዳይኖሰር፣ እያንዳንዱ 8 8።

እውነቱን ልናገር ህጉ መጀመሪያ አልተዋጠልኝም። በዝርዝር ተልኮ ከአስተማሪ በመጣ ኢሜል የሚሰጥ ፍቅር ምን ፍቅር ነው? እኔ ልጅ ሆኜ ለእንቁጣጣሽ ስእል ስዬ ስዞር ማንም ለሁሉም ቤት ስጥ ብሎኝ አያውቅም። ጳጉሜን ሙሉ ስስል እከርምና መልአኩና ባለ ብዙ ከለሩ አበባ ብር ለሚሰጡት ቤት፣ ከለር አልቆብኝ በእስኪርብቶ የጨረስኩት ደሞ «እግዜር ያሳድግህ» ብለው በምርቃት ብቻ ለሚሸኙኝ ሴትዮ። ምርቃቱ ደርሶ ይሄው አድጌያለሁ፣ ስእሏ ግን አስቀያሚ ነበረች።

ሮብ ማታ ነው ቁጭ ብለን የጻፍነው፣ የነነዌ ሶስተኛ ቀን። አስተማሪዋ የላኪውን ስም ብቻ ጻፉ የተቀባዩን ተዉት ብላ ነበር፣ ልጆቹ ገና ማንበብ እየለመዱ ስለሆነ እያንዳንዱን ስም ፈልጎ ማደል ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ልጄ ግን እምቢ አለች፣ የሁሉም ስም ይጻፋል። ካርዶቹን ከወረቀቱ ላይ እኔ እቆርጣለሁ እሷ ትጽፋለች፣ ምላሷን ወጣ አድርጋ፣ አንዳንድ ስም ከካርዱ አልፎ ጠረጴዛው ላይ ይጨርሳል። በዚህ መሀል አዲስ አበባ ያለችው እናቴ በቪዲዮ ደወለች፣ እዛ ነግቷል። ምን እያረጋችሁ ነው አለች፣ ነገርኳት። «ይቺ ልጅ በስድስት አመቷ የፍቅር ደብዳቤ ጀመረች?» አይ እማዬ የፍቅር አይደለም፣ ለክፍሏ ልጆች በሙሉ ነው፣ ለ23 ልጅ። «ለሃያ ሶስት!» ብላ ጭራሽ ባሰባት። ካርዱ የሚገባበትን ሳጥን አሳየኋት፣ የጫማ ካርቶን በቀይ ወረቀት ለብጠን ክዳኑ ላይ ቀዳዳ አውጥተንለት፣ ትንሽ አየችውና «ሙዳየ ምጽዋት ነው የሚመስለው» አለች። እውነቷን ነው፣ ከዛ በኋላ እኔም ሌላ ነገር ሊመስለኝ አልቻለም።

እና ቀስ እያልኩ ያስተዋልኩት ነገር ዩኒኮርኖቹ የት እንደሚሄዱ ነው። 8ቱ ዩኒኮርን ዝርዝሩ ላይ እየተዘለለ ለተመረጡ ሰዎች ሄደ፣ ከነሱም ውስጥ የልብ ጓደኛዋ ካርዱ ላይ ስቲከር ተደረበላት። ቡችላዎቹ ቀጥለው አለቁ። ከዛ 6 ሮኬት። 22 ሞላ። አንድ ልጅ ቀረ። ይሄ ልጅ ማን እንደሆነ እኔ ከሴፕቴምበር ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ ራት ላይ በየቀኑ ስሙ ይነሳል፣ ተራዋን የሚወስድባት፣ የላንች ቦክሷን ከፍታ ስትበላ «ምንድነው ይሄ» እያለ አፍንጫውን የሚይዝባት እሱ ነው። እጇን ሰደደችና ማንም ያልነካውን የዳይኖሰር ክምር ጎተተች፣ «ዩ አር ዳይኖማይት» የሚል ጽሁፍ አለበት፣ ከዛ ውስጥ ደሞ እኔ ስቆርጥ ጅራቱን በመቀስ የበጠስኩትን መርጣ ስሙን ጻፈችበት።

«ሁለት ሮኬት ተርፎሻል'ኮ» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«እና ለምን ሮኬት አትሰጪውም?»

«ሮኬት ከሰጠሁት ጓደኛው ነኝ ብሎ ያስባል።»

ምን ልበላት? ህጉ ለሁሉም ስጡ ነው የሚለው፣ የቱን ስጡ አላለም። የእንቁጣጣሿ ሴትዮ ፊቴ ላይ መጡ፣ ዝም ብዬ ሌሎቹን በላስቲክ አሰርኩ።

አርብ ልወስዳት ስሄድ ሳጥኗን አቅፋ ወጣች፣ ከሷ ይተልቃል። ቤት እስክንደርስ አላስቻላትም፣ መኪና ውስጥ ሲት ቤልቷን ሳታስር ክዳኑን ከፍታ መፈለግ ጀመረች። የልብ ጓደኛዋን ካርድ መስሎኝ ነበር። አይደለም፣ የሱን ነው። ሁለቴ ገለበጠችው። ያው ፓኬት ነው፣ ወላጆቹ ከዛው ሱቅ ገዝተው መሆን አለበት፣ ዳይኖሰር፣ ዩ አር ዳይኖማይት፣ ስሟ ደሞ አንድ ፊደል ጎድሎት።

ሞተሩን ሳላስነሳ ጠበቅኩ፣ ልታለቅስ ነው ወይስ ልትቆጣ ብዬ በመስታወቱ እያየኋት። ብዙ ቆየች።

«አባ፣ ሮኬቶቹ አልቀውበት ይሆናል» አለች።

ይሆናል አልኳት።