የኤፕወርዙ የካህን ቤት

ዛሬ ያየሁትን ቤት ሳይረሳኝ ልጻፈው።

ኤፕወርዝ ከዶንካስተር ከተማ ብዙም አትርቅም፤ እንግሊዝ አገር፣ ሰሜን ሊንከንሻየር ውስጥ ናት። አካባቢው የአክስሆልም ደሴት ይባላል፤ አሁን ግን በዙሪያው ውሃ የለም። ዓይን እስኪደክም ሜዳ ነው። ድሮ ረግረግ ነበር። ከ1626 ጀምሮ (ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ኮርኔሊየስ ቨርማውደን የሚባል ሆላንዳዊ መሐንዲስ አደረቀው። ከብት የሚያሰማሩበትን የጋራ መሬት ያጡ ሰዎች ግድብ አፈረሱ፣ ሰብል አቃጠሉ። ጠቡ ለልጅ ልጅ ተላለፈ። የካህኑ ቤት የቆመው እንዲህ ቂም በያዘ አገር ላይ ነው።

የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ለደብሩ ካህን የምትሰጠው መኖሪያ ነበር። ካህኑ ሬክተር ይባል ነበር። የገበሬው አስራት የእሱ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያኑ መሬትም በእጁ ነበር። ቤቱ ግን የሹመቱ እንጂ የእሱ አልነበረም። ቢፈርስ የሚያሠራው ከራሱ ኪስ ነበር። ሲሞት ደግሞ ሚስትና ልጆች ለተተኪው ለቀው ይወጡ ነበር። ቤቱን እየዞርኩ ሳይ ይህ ነገር ከሐሳቤ አልወጣም።

አሁን ያለው ቤት የመጀመሪያው አይደለም። በ1607 የተጻፈ የንብረት መዝገብ የድሮውን ይገልጸዋል። ሙሉ በሙሉ ከእንጨትና ከምርጊት የተሠራ፣ በገለባ የተከደነ፣ ሦስት ደርብ ያለው ቤት ነበር። ኩሽና፣ አዳራሽ፣ እልፍኝ፣ ጓዳና ሦስት ሰፋፊ የፎቅ ክፍሎች ነበሩት። የደብሩ ካህን ሳሙኤል ዌስሊና ሚስቱ ሱዛና ልጆቻቸውን ያሳደጉት መጀመሪያ እዚያ ውስጥ ነው። ሱዛና 19 ልጆች ወልዳለች፤ ግማሽ ያህሉ በሕፃንነታቸው ሞተዋል።

ሳሙኤል ከምእመናኑ ጋር አልተስማማም። በ1705 የፓርላማ ምርጫ ብዙዎቹ የማይወዱትን ወገን ደገፈ። ብዙም ሳይቆይ በ30 ፓውንድ ገደማ ዕዳ ተከሶ ሊንከን ካስል ውስጥ ታሰረ። እሱ እስር ቤት እያለ ላሞቹን በጩቤ ወጉበት። ከዚያ የካቲት 9 ቀን 1709 ሌሊት ቤቱ በእሳት ጋየ። ሰው ነው ያቃጠለው የሚለው ጥርጣሬ እስከ ዛሬ አልጠፋም። የገለባ ክዳን ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ሱዛና መውለጃዋ ደርሶ ነበር፤ በነበልባሉ መሃል አልፋ ወጣች። የአምስት ዓመቱ ጆን ፎቅ ላይ ቀረ። መስኮቱ ሥር ያለ ሣጥን ላይ ወጥቶ ቆመ። መሰላል ለማምጣት ጊዜ አልነበረም። አንዱ ሰው ሌላው ትከሻ ላይ ቆሞ ልጁን ጎትቶ አወረደው፤ ወዲያው ጣሪያው ተደረመሰ። ሜቶዲዝም የሚባለውን የፕሮቴስታንት እንቅስቃሴ በኋላ የመሠረተው ጆን ዌስሊ ይህ ልጅ ነው።

ሳሙኤል አንድ ዓመት ሳይሞላ አዲስ ቤት አቆመ። በዚህ ጊዜ ጡብ ነው፤ ቀይ ጡብ ከታች እስከ ላይ። የንግሥት አን ዘመን ቤት እንደሚባለው ነው፦ ቀጥ ያለ ሰፊ ፊት፣ በተርታ የቆሙ ከፍ ያሉ መስኮቶች፣ ከላይ በጣሪያው ሥር ሰፊ ቆጥ። እውነቱን ለመናገር ጌጥ የለውም ማለት ይቻላል። ለእኔ ውበቱ ያ ነው። እሳት ያየ ሰው ያሠራው ቤት መሆኑ ያስታውቃል። ወጪው 400 ፓውንድ ገደማ ነበር። የደብሩ ገቢ በወረቀት ላይ በዓመት 200 ይባል ነበር፤ በእጁ የሚገባው ግን ከዚያ ያነሰ ነው። ዕዳ ለለመደ ሰው ይህ ቤት ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያቅትም። ልጆቹ የማይወርሱት ቤት!

ብዙ የቆየሁት ኩሽናው ውስጥ ነው። በ1711 መጨረሻ ሳሙኤል ለቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ለንደን ሄደ። ሱዛና እሁድ ማታ ለልጆቿና ለሠራተኞቿ ስብከት ታነብ ጀመር። ጎረቤት ሰማና መጣ፤ ጎረቤቱም ሌላውን አመጣ። ወደ 200 ሰው ደረሱ። ቤቱ አልበቃ ብሎ የተመለሱም ነበሩ። ምክትሉ ካህን ቅር ብሎት ለሳሙኤል ጻፈበት። እሷም ለባሏ መለሰች። ማቆም ካለብኝ ምከረኝ ሳይሆን እዘዘኝ፣ በፈጣሪ ፊት ተጠያቂው አንተ ነህ አለችው። ሳሙኤል አላዘዘም። ሴት መስበክ በማይፈቀድበት ዘመን፣ የቤተሰቡ ላሞች የተወጉበት ደብር ሰዎች እሷ ኩሽና ውስጥ ቆመው አዳመጧት። ያቺን ሴት እንዴት አለማክበር ይቻላል?

ወደ ቆጡም ወጥተናል። በ1716 ታኅሣሥና በቀጣዩ ወር ቤተሰቡ በሙሉ ማንኳኳትና የእግር ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ልጆቹ መንፈሱን «ኦልድ ጄፍሪ» አሉት። ጎብኚው ሁሉ የሚጠይቀው ስለዚህ ነው። እኔን ብዙም አልያዘኝም።

ሳሙኤል በ1735 ሞተ። ሱዛና ቤቱን ለቃ ወጣች፤ ከዚያ በኋላ ልጆቿ ዘንድ ኖረች። ጆን በ1742 ወደ ኤፕወርዝ ሲመለስ በአባቱ ቤተ ክርስቲያን እንዲሰብክ አልተፈቀደለትም። በግቢው ውስጥ የአባቱ መቃብር ድንጋይ ላይ ቆሞ ሰበከ፤ ሕዝቡም ጎረፈ። ቤቱ እስከ 1950ዎቹ የካህናት መኖሪያ ሆኖ ቆየ። ከዚያ የዓለም ሜቶዲስት ምክር ቤት ገዝቶ አሳደሰው፤ ከ1957 ጀምሮ ሙዚየም ነው።

አንድ ቅሬታ አለኝ። ክፍሎቹ በዘመኑ ዕቃ ተሞልተዋል። ወንበሩ፣ አልጋው፣ ሰዓቱ፣ ሁሉም ያምራል። ከእሳቱ 13 ዓመት ገደማ በኋላ ሱዛና ለወንድሟ በጻፈችው ደብዳቤ ግን ቤቱ ከዓመት ባነሰ ጊዜ ተሠራ፣ ዕቃው ግን እስካሁን ግማሽ እንኳ አልሞላም፣ እኔና ልጆቼም ግማሽ ልብስ የለንም ብላለች። ጓደኛዬ ዕቃ ከሌለ ሰው ምን ሊያይ ይመጣል አለኝ። እኔ ቢያንስ አንዱን ትልቅ ክፍል ባዶውን ቢተዉት እላለሁ፤ ደብዳቤዋንም ግድግዳው ላይ ቢሰቅሉት።