ቀንድ ያለው ሁሉ ሚኖታውሮስ አይደለም

አውሮፓ ውስጥ የጥንት ሳንቲም የሚያጫርት ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ሳንቲሙን እመዝናለሁ፣ ጠርዙን አያለሁ፣ ከዚያ ለካታሎጉ ሁለት ሦስት መስመር እጽፋለሁ። እነዚያኑ ሁለት ሦስት መስመሮች ነው እንግዲህ የማስታወቂያው ሰውዬ "ትንሽ ላሳምራቸው" እያለ የሚነካካቸው።

ያን ጊዜ የመጣችው የጌላ ከተማ ዲድራክም፣ ማለትም የሁለት ድራክማ ሳንቲም ነበረች። ሲሲሊ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ490 እስከ 475 ገደማ፣ ብር፣ ከ8 ግራም ትንሽ ከፍ ትላለች። በአንድ በኩል ጦር የሰበቀ ፈረሰኛ አለ። በሌላው ፊተኛው ግማሹ ብቻ የሚታይ በሬ፤ ፊቱ ግን የሰው ነው፣ ያውም ጺማም። "የጌላስ ወንዝ አምላክ" ብዬ ጻፍኩ። ረቂቁ ከማስታወቂያው ሰውዬ ዘንድ ሲመለስ "ሚኖታውሮስ!" ይላል፤ የግሪክ አፈ ታሪኩ ጭራቅ መሆኑ ነው። ቃለ አጋኖውም የራሱ ነው።

ሄድኩበት።

"ሚኖታውሮስ ሰውነቱ የሰው፣ ራሱ የበሬ ነው። ይሄ ሰውነቱ የበሬ፣ ራሱ የሰው ነው።"

"ያው ግማሽ ሰው ግማሽ በሬ አይደል?"

"የትኛው ግማሽ ከላይ ነው፣ ጥያቄው እሱ ነው።"

"ስማኝ፣ ወንዝ የሚገዛ የለም። ደግሞስ ጌላን የቆረቆራት ማነው? ቀርጤሶች አይደሉም? ሚኖታውሮስስ የየት ነው?"

እስካሁን የሚያበሽቀኝ ይሄ ነው። ባዶ ወሬ ቢሆን ስቄ እመለስ ነበር። ግን እውነቱን ነው፤ ሚኖታውሮስ የቀርጤስ ነው፣ ከተማዋንም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ688 ገደማ የመሠረቷት ከሮዶስና ከቀርጤስ የመጡ ሰዎች ናቸው። የት አንብቦት ይሆን? ሰውዬው ከዋጋ ዝርዝር ሌላ ሲያነብ አይቼው አላውቅም።

ሳንቲሟን አምጥቼ ከበሬው ጋር የተቀረጸውን ጽሑፍ አሳየሁት። "ጌላስ" ይላል። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከወንዙ ነው፤ የጥንቱ ግሪካዊ ታሪክ ጸሐፊ ቱኪዲደስም ጽፎታል። ግሪኮች ወንዝን በበሬ መሳል ልማዳቸው ነው። አኬሎዎስም ወንዝ ነው፤ ከሄርኩለስ ጋር ሲታገል በሬ ሆኗል። ክረምት ላይ የሞላ ወንዝ ሲያገሳ የሰማ ሰው "ለምን በሬ?" ብሎ አይጠይቅም። ይህን ሁሉ ነገርኩት። ሰዓቱን አየ።

ነገሩን የቋጨው አለቃችን ነው። ቱኪዲደስን አልጠየቀም፣ በሬውንም አላየም። "መግለጫው ተሳስቷል ብሎ ገዢው ቢመልስብን ማን ይከፍላል?" አለ። በቃ፣ የኔው ታተመ። ጌላስም ደህና ዋጋ አወጣ። የማስታወቂያው ሰውዬ ግን "ሚኖታውሮስ ብንለው ኖሮ..." ማለቱን አልተወም።

ከወራት በኋላ እውነተኛው ሚኖታውሮስ መጣ። የቀርጤሷ ከተማ የክኖሶስ ሳንቲም፤ በአንድ በኩል የበሬ ራስ ያለው ሰውዬ በጉልበቱ በርከክ ብሎ ይሮጣል፣ በሌላው ሚኖታውሮስ ይኖርበታል የሚባለው የላቢሪንቱ፣ መውጫው የሚጠፋው ሕንፃ፣ ንድፍ አለ። በደስታ "ሚኖታውሮስ" ብዬ ጻፍኩ። ረቂቁ ሲመለስ ጎኑ ላይ በቀይ እስክሪብቶ "እርግጠኛ ነህ? ወንዝ እንዳይሆን" ይላል።