በሆድ ተኝተው የሚያዩት አበባ

አደይ አበባ ቀጠሮ ያከብራል። መስከረም ሲጠባ ጋራው ቢጫ እንደሚለብስ የተጠራጠረ ሰው አላውቅም። የካሊፎርኒያ በረሃ አበባ ግን እንዲህ አይታመንም። ሎስ አንጀለስ በኖርኩባቸው ዓመታት መጋቢት በመጣ ቁጥር «ዘንድሮስ?» እያልኩ እጠይቃለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ መልሱ «የለም» ነው። በ2011 ዓ.ም. መጋቢት፣ በፈረንጆቹ 2019 መሆኑ ነው፣ በብርዱ ወራት ደጋግሞ የጣለው ዝናብ በረሃውን ቀስቅሶት ነበር። ካሜራዬን፣ ድንኳኔንና ሁለት ጀሪካን ውሃ ጭኜ አንዛ ቦሬጎ ወደሚባለው የበረሃ ፓርክ ተነሣሁ።

መንገዴ ላይ ባለችው በሌክ ኤልሲኖር ከተማ አጠገብ አውራ ጎዳናው ተዘጋግቶ ቆየኝ። የዎከር ካንየን ኮረብታዎች ፖፒ በሚባለው ብርቱካናማ አበባ ተሸፍነዋል፤ ሰዉም እሱን ለማየት ጎርፏል። ሁለት ሰዓት ያህል ተንፏቀቅኩ። የተናደድኩት ግን በመዘግየቴ አልነበረም። ሰዎች ፎቶግራፍ ለመነሣት ከመንገዱ ወጥተው አበባው መካከል ይቀመጣሉ፣ ይጋደማሉ፤ ሲነሡ የሚተዉት የተደቆሰ መደብ ነው። አገር ቤት አደይ የሚቀጥፍ ልጅ እቅፉን ይዞ ወደ ሰው ደጃፍ ይሄዳል፤ የሚሰጠው ሰው አለው። እዚህ አበባው ለማንም ሳይሰጥ ሞተ።

ከቴሜኩላ በኋላ ስላለው መንገድ የምጽፈው የለኝም። ከራንቺታ በኋላ ግን መንገዱ አንድ ሺህ ሜትር ገደማ ቁልቁል እየተጠማዘዘ ወደ ቦሬጎ ሸለቆ ሲወርድ፣ ከፊቴ ቢራቢሮ እንደ ንፋስ መጣ። ፔይንትድ ሌዲ የሚባሉት ናቸው፤ ያው ዝናብ ባበቀለው ቅጠል ላይ አድገው በሚሊዮኖች ወደ ሰሜን ይፈልሱ ነበር። መስታወቴ ላይ እንዳይረግፉ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ያህል እየነዳሁ ወረድኩ። ከኋላዬ የነበረው ሰው ጡሩምባውን ደጋግሞ ነፋ፤ አልፈጠንኩለትም።

ቦሬጎ ስፕሪንግስ ትንሽ የበረሃ ከተማ ናት። ማደሪያ ፍለጋ የገባሁበት ቤት ለአንዲት ጠባብ ክፍል 340 ዶላር ጠየቀኝ፤ ከጠረጴዛው ጀርባ ያለው ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ዋጋ 140 ይላል። «አበባ ስላለ ነው» አለኝ ልጁ። አበባውን እነሱ የዘሩት ይመስል! ጥዬ ወጣሁ። ደግነቱ ፓርኩ፣ በካሊፎርኒያ ግዛት ፓርኮች ሁሉ ትልቁ ነው፣ ከመኪና መንገዱ ሳይርቁ በነጻ ማደር ይፈቅዳል። ድንኳኔን አሸዋ ላይ ተከልኩ። እኩለ ሌሊት ላይ ንፋሱ ካስማዎቹን አንድ በአንድ ነቀላቸው። ካሜራዬን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ መኪና ውስጥ ተቀምጬ አነጋሁ፤ ጥርሴ ሁሉ አሸዋ ነበር።

ሲነጋ ግን ምን ልበል? በዙሪያዬ መዳፍ የሚያህሉ ነጫጭ አበቦች ፈክተዋል። ማምሻውን የሚከፈቱ፣ ፀሐይ ስትበረታ የሚጠወልጉ ናቸው፤ አመሻሽ ላይ ድንኳን ስተክል ገና እንቡጥ ስለነበሩ ልብ አላልኳቸውም። በመካከላቸው ሐምራዊው ሳንድ ቨርቢና መሬት ለመሬት ተዘርግቷል። ሄንደርሰን ካንየን መንገድ ስደርስ ደግሞ ሜዳው እስከ ተራራው ግርጌ ቢጫ ነው፤ የበረሃ ሱፍ አበባ። ለአፍታ መስከረም መሰለኝ። የካሜራዬን መዝጊያ ፍጥነት ወደ 1/1000 ሰከንድ ከፍ አድርጌ ብዙ ፎቶግራፍ አነሣሁ፤ ንፋሱ ግን አላረፈም፣ የወጣውም ሌላ ሰው ሁሉ የሚያነሣው ቢጫ ምንጣፍ ነው።

እዚያው ሳለሁ ሰባ ዓመት የሚያልፋቸው፣ ሰፊ ባርኔጣ ያደረጉ ሴት አገኘሁ። ጆንያ ይዘው አረም ይነቅላሉ። ካሜራዬን አይተው «ተኛ» አሉኝ። የሚሉት ግራ ገብቶኝ ስቆም፣ አበባ በሌለበት ጠጠር ላይ እንድተኛ በእጃቸው አሳዩኝና አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉትን ማጉያ መነጽር ሰጡኝ። ባዶ መሬት ያልኩት ባዶ አልነበረም። ዴዘርት ስታር የምትባል፣ መሃሏ ቢጫ ዙሪያዋ ነጭ፣ ከሳንቲም የማትበልጥ አበባ ከጠጠሩ ጋር ተጣብቃ ነበር። ካሊፎርኒያ ውስጥ እንዲህ ያሉትን «የሆድ አበቦች» ይሏቸዋል፤ በሆድ ካልተኙ አይታዩማ።

የብዙዎቹ የበረሃ አበቦች ዘር ማብቀልን የሚከለክል ንጥረ ነገር እንደለበሰ የነገሩኝም እሳቸው ናቸው። ካፊያ አያታልለውም፤ ልብሱን አጥቦ የሚወስደው በደንብ የጣለ ዝናብ ነው። በደግ ዓመትም ቢሆን ዘሩ ሁሉ አይበቅልም፤ የቀረው አፈር ውስጥ ሌላ ዓመት ይጠብቃል። አያቴ ለከርሞ ዘር የምታስቀርበት ጎተራ ታወሰኝ።

የሚነቅሉት የሰሃራ ሰናፍጭ የሚሉትን ነው። ከሰሜን አፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ አካባቢ የመጣ የሰናፍጭ ዘመድ ነው፤ ከአገሩ አበቦች ቀድሞ ይበቅልና ውሃውንም ብርሃኑንም ይሻማቸዋል። ካሜራዬን መኪና ውስጥ ቆልፌ አብሬያቸው ነቀልኩ። ለፎቶግራፍ ምርጥ የሆነው የጠዋት ብርሃን በዚህ አለፈ። ሁለት ጆንያ ሞላን።

ስንለያይ የተቀቀለ እንቁላልና ግሬፕፍሩት ዘረጉልኝ። ጊዜው ሁዳዴ ነበርና እንቁላሉን በምስጋና መልሼ ፍሬውን ተቀበልኩ። ስመለስ ኤልሲኖርን ላለማየት በጁሊያን በኩል ዞርኩ፤ ቢረዝምብኝም አልቆጨኝም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከመንገድ ወጥቼ ግሬፕፍሩቱን ላጥኩት። ጣቶቼ ገና ጎመን ጎመን ይሸቱ ነበር።